ባለ 1 ጊጋ ራም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትንሽዬ ሊኑክስ ለመጫን ከየት ልጀምር?

ቢጫ ኬብል ጻፈ፦

ሰላም ጎበዝ እንዴት ናችሁ። በርካሽ ያገኘሁት አንድ ሚኒ ላፕቶፕ አለ፣ ኢንቴል አተም ኤን270፣ 1.6 ጊጋኸርዝ፣ ራሙ 1 ጊጋ፣ ዲስኩ 160 ጊጋ ያው የሚሽከረከረው ዓይነት። ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው ያለበት። ታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ስራዋን እንድትጽፍበት፣ ፒዲኤፍ እንድታነብበት፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ኢንተርኔት ገብታ ነገር እንድትፈልግበት ነው ያሰብኩት፣ አማርኛ መጻፍ ግዴታ ነው። ኡቡንቱ ተጠቅሜ አውቃለሁ ግን አዲሱ ኡቡንቱ እዚህ ላይ ጭራሽ አይነሳም፣ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት አይደለም ብሎ ይቆማል። ሌላ ቦታ ስጠይቅ አንዱ ፓፒ ይለኛል አንዱ ሉቡንቱ አንዱ አርች፣ ማንም ግን ለምን እንደሆነ አይነግረኝም። የዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ስም ብቻ ሳይሆን አካሄዱን የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው፣ ቀስ ብሎም ቢሆን መማር እፈልጋለሁ።

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ወንድሜ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ፣ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ ፕሮሰሰርህን እወቅ። ኤን270 በ2008 የወጣ 32 ቢት ብቻ የሆነ ቺፕ ነው፣ ይሄ አንድ ነገር ብቻውን ከግማሽ በላይ ዲስትሮዎችን ከዝርዝርህ ያወጣቸዋል። ኡቡንቱ 32 ቢት የዴስክቶፕ ኢንስቶለር መስራት ያቆመው በ2017፣ ከ17.10 ጀምሮ ነው። አርችም በዚያው ዓመት ነው የተወው፣ አርች ሊኑክስ 32 የሚባለው በሌሎች ሰዎች የሚጠበቅ ለብቻው ያለ ፕሮጀክት ነው። ሉቡንቱም አዲሱ 64 ቢት ብቻ ነው። ደቢያን 13 በነሐሴ 2025 ሲወጣ ለ32 ቢት ኢንስቶለርም ከርነልም የለውም። ስለዚህ ላንተ ማሽን ደቢያን 12 ነው፣ ቡክወርም የሚባለው፣ ኔትኢንስት (ትንሹ መጫኛ) የሚለውን አይ386፣ ማለትም የ32 ቢቱን ፋይል ታወርዳለህ፣ አንድ ፍላሽ ላይ በሩፉስ ወይ በቬንቶይ ወይ በዲዲ ትጽፈዋለህ።

አሁን ዋናው ነገር። ቀላል ሲስተም የሚባለው በስሙ አይደለም የሚቀለው፣ በላዩ ላይ በጫንከው ነገር ነው። ኢንስቶለሩ መጨረሻ አካባቢ ሶፍትዌር ምረጥ የሚል ገጽ ያመጣል፣ ዴስክቶፕ ኢንቫይሮንመንት እና ጊኖም የሚሉት ላይ ኮከብ ተደርጎ ይመጣል። ስፔስ እየተጫንክ ሁለቱንም አጥፋቸው። ስታንዳርድ ሲስተም ዩቲሊቲስ የሚለውን ብቻ ተወው። ሪስታርት ሲያደርግ ጥቁር ስክሪን ላይ ሎግ ኢን ይልሃል፣ አትደንግጥ፣ ያ ነው የምንፈልገው። እዚያ ላይ ፍሪ ብለህ ብትጽፍ የተያዘው ራም ከ100 ሜጋ ብዙም አይርቅም፣ ከዚያ እያንዳንዷን ነገር አንተ እያወቅካት ትጨምራለህ።

ሌላ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስዎርድ ሲጠይቅህ ባዶ ትተህ እለፍ። ባዶ ከሆነ ኢንስቶለሩ ሱዶን (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን) ራሱ ይጭንና የመጀመሪያውን ዩዘር ሱዶ ውስጥ ያስገባዋል። ፓስዎርድ ከሰጠኸው ግን ሱዶ አይጫንም፣ በኋላ ለምን አልሰራም ብለህ ትቸገራለህ።

ፓርቲሽን ላይ አትጨነቅ፣ ሁሉም በአንድ የሚለውን ያዝ፣ ኤክስት4፣ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዘውን የዲስክ ቦታ) ራሱ ያዘጋጃል።

ጨረር ጻፈ፦

ባለ ተርሚናሉ ያለው ሁሉ ትክክል ነው ግን ልጁ ለእህቱ ነው ሚፈልገው ለምን ይሄን ሁሉ ያሳልፋል? አንቲኤክስ 23 አለ አይደል፣ ራሱ ደቢያን 12 ላይ የተሰራ ነው፣ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን ሚያስነሳው ፕሮግራም) የለውም፣ 32 ቢት አለው፣ አይስደብልዩኤም ሚባለው ቀላል ዊንዶ ማኔጀር ተዘጋጅቶ ነው ሚመጣው፣ ፋይል ማኔጀሩ ብራውዘሩ ሁሉ አለ። ከፍላሽ ላይቭ (ዲስክ ላይ ሳይጭን) አስነስቶ ዋይፋዩ ድምጹ መስራቱን አይቶ ካልወደደው ይተወዋል ምንም አልጠፋም። እኔ ሰው አሮጌ ማሽን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ነው ማስነሳለት

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ጨረር አንቲኤክስን አልቃወምም፣ ጥሩ ስራ ነው፣ ሰዎቹም ለአሮጌ ማሽን ከልባቸው ነው የሚሰሩት። እንዲያውም ኮር እና ኔት የሚባሉ ትንንሽ እትሞችም አሉት፣ እኔ የምለውን አካሄድ በእነሱም መሄድ ይቻላል። ላይቩን አስነስቶ ሃርድዌሩን መፈተሽ ያልከው ደግሞ በጣም ትክክል ነው፣ ቢጫ ኬብል ይሄን አድርገው።

ግን ፉል የሚባለው እትም ላይ ለአንድ ስራ ሁለት ሦስት ፕሮግራም ታገኛለህ፣ ሜኑው ይረዝማል፣ ጀማሪ የቱን እንደሚከፍት ግራ ይገባዋል። ልጁ መማር እፈልጋለሁ ብሏል። ከባዶ ተነስቶ የሰራው ሲስተም አንድ ቀን ድምጽ ቢጠፋ ድምጹን ምን እንደሚያወጣው ያውቃል፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሲሆን ግን የት ጋ እንደሚነካ አያውቅም። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው።

ሰማያዊ ቀለም ጻፈች፦

ጥያቄ በጥያቄ ላይ እንዳይሆንብኝ እንጂ እኔም ጋ ኮር 2 ዱዎ 2 ጊጋ ራም ያለው ዴስክቶፕ አለ። አንዳንዱ ከ4 ጊጋ በታች ከሆነ 32 ቢት ጫኚ ይላል እውነት ነው እንዴ? 32 ቢት ራም ይቆጥባል ሲሉ ሰምቻለሁ

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ሰማያዊ ቀለም፣ ድሮ እውነት ነበር፣ ዛሬ አይመከርም። 32 ቢት ትንሽ ራም ይቆጥባል፣ ፖይንተሮቹ በግማሽ ስለሚያንሱ። ግን የሚደግፈው እየጠፋ ነው። ጉግል ክሮም ለሊኑክስ 32 ቢት ያቆመው በ2016 ነው፣ ሞዚላ ደግሞ ፋየርፎክስን ከ145 ጀምሮ ለ32 ቢት ሊኑክስ አያወጣም፣ ያ 2025 መጨረሻ ላይ ነው። ኮር 2 ዱዎ 64 ቢት ይችላል፣ ስለዚህ ያለ ጥርጥር 64 ቢት ጫኚ፣ ደቢያን 13 ይሄዳል። እርግጠኛ ለመሆን ከላይቭ ላይ ኤልኤስሲፒዩ ብለሽ ጻፊ፣ ኦፕ ሞድ በሚለው መስመር ላይ 64 ካለ ይችላል ማለት ነው።

ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ደቢያን 13 ላይ ቴምፕ የሚባለው ፎልደር ከዲስክ ወጥቶ ራም ላይ ሆኗል፣ እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ ሊይዝ ይችላል፣ 2 ጊጋ ላለው ሰው ይሄ ቀላል አይደለም። ሲስተምሲቲኤል ማስክ ቴምፕ ዶት ማውንት ብለሽ ሪስታርት ስታደርጊ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ሬድ ሃት 9ን እና ከሱ የተወለዱትን አልማና ሮኪ 9ን አትሞክሪ። እነሱ ኤስኤስኢ 4.2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ያለው ፕሮሰሰር ይጠይቃሉ፣ ኮር 2 ደግሞ የለውም፣ ገና ሲነሳ ይወድቃል።

ትንሽ ቤት ጻፈ፦

አልፓይንን ማንም አላነሳው? 32 ቢት አለው፣ በሙስል (ትንሽ የሲ ላይብረሪ) እና በቢዚቦክስ (ብዙ ትእዛዞችን በአንድ የያዘ ፕሮግራም) የተሰራ ስለሆነ ባዶው ሲስተም ከደቢያን በጣም ያንሳል፣ ሴትአፕ አልፓይን ብለህ ጥያቄዎቹን ትመልሳለህ፣ መጨረሻ ላይ ዲስክ እንዴት ልጠቀም ሲልህ ሲስ ትለዋለህ፣ አለቀ። ኤፒኬ የሚባለው ፓኬጅ ማኔጀሩ ፍጥነቱ ለአሮጌ ዲስክ ትልቅ እረፍት ነው፣ የደቢያኑ አፕት ዝርዝሩን ሲያነብ የሚወስደውን ጊዜ አሮጌ አተም ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ጉድለቱን ሳልደብቅ ልናገር፣ ሙስል ስለሆነ ከውጭ ዳውንሎድ የምታደርገው ለጂሊብሲ (እነ ደቢያን ለሚጠቀሙት ላይብረሪ) የተሰራ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም፣ የፕሪንተር ድራይቨር ምናምን ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ለእህትህ የቤት ስራ ከሆነ ግን ከሪፖው (ከዲስትሮው የፕሮግራም ማከማቻ) የሚወጣው ይበቃታል።

ታይኒ ኮርንም ለማወቅ ያህል ሞክሩት። ከ30 ሜጋ በታች ሆኖ መስኮት ያለው ዴስክቶፕ ያስነሳል። ግን ሁሉን ራም ላይ ነው የሚያስኬደው፣ ሲጠፋ ፋይሎችን ባክአፕ ውስጥ እንዲያስገባ ካልነገርከው ይረሳል፣ ለተማሪ ለቀን ተቀን አልሰጠውም።

ቢጫ ኬብል ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደቢያን 12ን ያዝኩ፣ ልማር ካልኩ በዚያው ልማር ብዬ። ኢንስቶለሩ ዋይፋዩን አላየውም፣ ኬብል ሶኬቱ ደግሞ የተሰበረ ነው፣ ስለዚህ ኔትወርክ የሚለውን ዘልዬ ጨረስኩ፣ ጥቁሩ ስክሪን መጣ ገባሁ። ራሙን ሳየው የተያዘው 60 ሜጋ እንኳን አይሞላም ደስ ይላል። አሁን ስልኬን በዩኤስቢ ሰክቼ ኢንተርኔት ሼር አደረግኩ፣ ዲኤችክላየንት ስለው አድራሻ አገኘ፣ ፒንግም ይመልሳል። ግን አፕት አፕዴት ስል መጀመሪያ ሲዲውን አስገባ ይላል፣ እሱን አስተካክዬ ትክክለኛውን አድራሻ ስጽፍለት ደግሞ ሪሊዝ ፋይሉ ገና አልጸናም የሚል ነገር ይጽፋል፣ ከጎኑ ብዙ ቀን ይቀረዋል ይላል። ይሄ ምንድነው?

የቦርድ ሐኪም ጻፈ፦

ዴት ብለህ ጻፍ እስቲ፣ ያለፈ ቀን ካላለህ እኔ ሃርድዌር አላውቅም። ማሽኑ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ሞታለች። ሲአር2032 የምትባለው ናት በአብዛኛው፣ አንዳንድ ሚኒ ላፕቶፕ ላይ በሽቦና በፕላስቲክ ተጠቅልላ ነው የምትመጣው። ኮምፒውተሩ ከኃይል ሲነቀል ሰዓቱን ይረሳል፣ አፕት ደግሞ የፓኬጁን ዝርዝር ፊርማ ከነቀኑ ነው የሚያረጋግጠው፣ ፊርማው ወደፊት የተፈረመ ሲመስለው አይቀበልም። ብራውዘርም ቢሆን እንዲሁ ነው፣ ሰዓቱ ካልተስተካከለ ሁሉም ገጽ ሰርተፊኬቱ ልክ አይደለም እያለ ይዘጋብሃል፣ ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ያስባል።

ለጊዜው ሱዶ ዴት ሰረዝ ኤስ ብለህ ቀኑንና ሰዓቱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ስጠው፣ ቀጥሎ ኤችደብልዩክሎክ ሲስቶኤችሲ ብለህ ወደ ቦርዱ ጻፈው። ከዚያ አፕት ሲሰራልህ ሲስተምዲ ታይምሲንክዲ የሚባለውን ጫን፣ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። ባትሪዋን ግን ቀይራት፣ ባትሪ የሌለው ቦርድ የባዮስ ሴቲንጉንም ይረሳል፣ አንዳንዱ ሲነሳ ሁሌ ኤፍ1 ተጫን ይላል፣ ልጅ ሲጠቀምበት ያስጠላል።

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ስለ ዋይፋዩ፦ ኤልኤስፒሲአይ ብለህ ኔትወርክ የሚለውን መስመር እይ። አተሮስ ከሆነ ያለ ምንም ፈርምዌር (ካርዱ ላይ የሚጫን ፕሮግራም) መስራት ነበረበት፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ ደቢያን ከ12 ጀምሮ ፈርምዌሩን ኢንስቶለሩ ውስጥ አስገብቶታል። ሁለቱም ካልሆነ ብሮድኮም ነው ብዬ ነው የምገምተው። የብሮድኮም አሮጌዎቹ ቢ43 የሚባለውን ድራይቨር ነው የሚጠቀሙት፣ ፈርምዌሩን ግን ማከፋፈል ስለማይፈቀድ ኢንስቶለሩ ላይ የለም፣ ፈርምዌር ቢ43 ኢንስቶለር የሚባል ፓኬጅ ነው ዳውንሎድ አድርጎ የሚያስገባው። ፓኬጁ ኮንትሪብ ውስጥ ስለሆነ አፕት ፓኬጅ ከየት እንደሚያመጣ በሚጻፍበት ሶርስስ ሊስት ላይ ከሜይን ቀጥሎ ኮንትሪብ፣ ኖን ፍሪ፣ ኖን ፍሪ ፈርምዌር የሚሉትን ጨምር። ስልክህን በዩኤስቢ መሰካትህ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ሌላ ሰው ይሄን ካነበበ ያስታውስ፣ ኢንስቶለሩ ራሱም ኔትወርክ ፍለጋው ላይ ሲደርስ በዩኤስቢ የተሰካን ስልክ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፣ ከመጀመሪያው ሰክቶ መጀመር ይቻላል።

ቢጫ ኬብል ጻፈ፦

እውነትም ወደኋላ ቀርቶ ነበር ሰዓቱ! አስተካከልኩት አፕት ሰራ። ዋይፋዩም ብሮድኮም ሆኖ ተገኘ፣ ፓኬጁን ጭኜ ሪስታርት ሳደርግ መብራቱ በራ። አሁን መስኮት ያለው ነገር ልጫን፣ ምን ምን ያስፈልገኛል?

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ጎበዝ። ከዚህ በኋላ ስትጭን አፕት ኢንስቶል ካልክ በኋላ ኖ ኢንስቶል ሬኮሜንድስ የሚለውን ኦፕሽን አትርሳ። ደቢያን በልማዱ አንድ ፓኬጅ ስትጠይቀው አብረው ቢኖሩ ጥሩ ነው የሚላቸውንም ይዞ ይመጣል፣ ትንሿ ነገር በመቶ ሜጋ የሚቆጠር ጓዝ ይዛ የምትገባው በዚህ ነው።

የምትጭናቸው፦ ኤክስሰርቨር ኤክስኦርግ ኮር፣ ኤክስሰርቨር ኤክስኦርግ ኢንፑት ሊብኢንፑት፣ ኤክስኢኒት፣ አይስደብልዩኤም፣ ለፋይል ፒሲማንኤፍኤም፣ ለተርሚናል ኤልኤክስተርሚናል ወይ ኤክስተርም። ኢንፑት የሚለውን ደግሜ እላለሁ፣ ሬኮሜንድስ ሲዘጋ ሳይመጣ ይቀርና ኤክስ (መስኮቶቹን የሚያሳየው ፕሮግራም) ሲነሳ ማውሱም ኪቦርዱም አይንቀሳቀስም፣ ሰው ማሽኑ ደርቋል ብሎ ፓወሩን ይነቅላል። ለኢንቴል ግራፊክስህ ኤክስሰርቨር ኤክስኦርግ ቪዲዮ ኢንቴልን ጨምር። ለዋይፋይ ኔትወርክ ማኔጀርን ጭነህ ኤንኤምቲዩአይ ብትል በቀስት እየሄድክ የምትመርጥበት ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፣ ለእህትህም ይቀላታል።

ከዚያ ሆም ፎልደርህ ውስጥ ነጥብ ኤክስኢኒትአርሲ የሚል ፋይል ፍጠርና አንድ መስመር ብቻ ጻፍበት፣ ኤክሴክ አይስደብልዩኤም ሴሽን። ስታርትኤክስ ስትል ይነሳል። ሎግ ኢን ማኔጀር አያስፈልግም።

ለድምጽ አልሳ ዩቲልስ። ጭነኸው ድምጽ የለም ብለህ አትደናገጥ፣ አልሳሚክሰር ክፈትና ማስተር የሚለው ስር ሁለት ኤም ካለ ተዘግቷል ማለት ነው፣ ኤም ተጫን ይከፈታል። ለጽሑፍ አቢወርድ፣ ለፒዲኤፍ ኤምዩፒዲኤፍ።

ጨረር ጻፈ፦

እዚህ ላይ ዚራም ጨምር። ዚራም ቱልስ ሚባል ፓኬጅ አለ፣ ኢቲሲ ዲፎልት ውስጥ ዚራምስዋፕ ሚል ፋይል ታገኛለህ፣ አልጎ ሚለውን ኤልዚ4 አድርገው ፐርሰንት ሚለውን 50። ስራው ምን መሰለህ፣ ራም ሲሞላ ማይነካውን ገጽ ዲስክ ላይ ከመጣል ይልቅ እዛው ራም ውስጥ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ስዋፕ ማድረግ ማለት ማሽኑ ቆሞ መብራቱ ብቻ ሲብለጨለጭ ማየት ነው፣ ዚራም ካለ ግን ቀስ ይላል እንጂ አይደርቅም። ዚስታንዳርድ የተሻለ ይጨምቃል ግን አተሙን ያደክመዋል ለዛ ነው ኤልዚ4 ያልኩህ። ዲስኩ ላይ ያለውን ስዋፕ አታጥፋው፣ ዚራሙ ቅድሚያ ስላለው መጀመሪያ እሱ ነው ሚሞላው

ትንሽ ቤት ጻፈ፦

አሁን ሁላችንም የምንሸሸውን ነገር ላንሳ፣ ብራውዘር። ጎበዝ፣ ሲስተሙን 100 ሜጋ ላይ አድርሰን አንድ ዘመናዊ ገጽ ስንከፍት 500 ሜጋ ከበላ ያ ሁሉ ቁጠባ የት ሄደ? በአሮጌ ማሽን ላይ የፍጥነቱን ጉዳይ የሚወስነው ዲስትሮም አይደለም ዊንዶ ማኔጀርም አይደለም፣ የምትከፍተው ገጽ ነው። ስለዚህ ሁለት ብራውዘር መያዝ ነው የሚያዋጣው፣ አንድ ቀላል አንድ ሙሉ።

ቀላሉ ዲሎ ወይ ኔትሰርፍ ይሁን። ዲሎ ጃቫስክሪፕት የሚባል አያውቅም፣ ስለዚህ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ በቅጽበት ይከፍታል፣ ብዙ ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ በ2024 3.1 ወጥቶለታል፣ አሁን እንደገና የሚሰሩበት ሰዎች አሉ። ለዊኪፔዲያ፣ ለመዝገበ ቃላት፣ ለዜና ንባብ ይበቃል። ሎግ ኢን ለሚጠይቅ ገጽ ደግሞ ፋየርፎክስ ኢኤስአር (ረጅም ድጋፍ ያለው እትም)፣ እሱ ላይ ገና እንደጫንክ ዩብሎክ ኦሪጂንን አስገባ፣ ይሄ ማስታወቂያ ስለመጥላት አይደለም፣ ማስታወቂያውና ተከታታዩ ስክሪፕት ሲቀር አተሙ የሚሰራው ስራ በግልጽ ይቀንሳል። አባውት ኮንፊግ ውስጥ ገብተህ ፊሽን አውቶስታርት የሚለውን ፎልስ ብታደርገው የፕሮሰሱ ቁጥር ይቀንሳል፣ ገጾችን አንዱን ከአንዱ የሚለይ የደኅንነት ስራ ስለሆነ ግን ባንክ ምናምን የሚገባበት ማሽን ላይ አልመክረውም። ለእህትህ ከሁለት ሦስት ታብ በላይ እንዳትከፍት ማስለመድ ከሁሉም ሴቲንግ ይበልጣል።

ቪዲዮ ብራውዘር ውስጥ አትሞክሩ። ዋይቲ ዲኤልፒ እና ኤምፒቪ ጭናችሁ 360ፒ ምረጡ፣ ኤች264 የሆነውን፣ ኤን270 ያንን ይችለዋል።

የቦርድ ሐኪም ጻፈ፦

እኔ ስራዬ ስለሆነ ስለ ዲስኩ ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሮጌ ማሽን ስትገዙ ወይ ስታገኙ ኦኤስ ከመጫናችሁ በፊት የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ስማርትሞንቱልስን ጭናችሁ፣ ወይ ላይቭ ላይ ካለ በዚያው፣ ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ትንሿ ኤ በሉት። ቁጥር 5 ላይ ሪአሎኬትድ ሴክተር፣ ቁጥር 197 ላይ ከረንት ፔንዲንግ ይላል። የመጨረሻው ዓምድ ዜሮ ካልሆነ፣ በተለይ 197 ከዜሮ በላይ ከሆነና እየጨመረ ከሄደ፣ ያ ዲስክ ላይ የልጅቷን ስራ አታስቀምጡ። ሊኑክሱ ዝግ አለ፣ ይንቀራፈፋል፣ ዲስትሮው ከበደ እየተባለ የሚወራው ግማሹ ዲስኩ አንድ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ እየታገለ ስለሆነ ነው። ሜምቴስት86 ፕላስንም አንድ ሌሊት አስኬዱት፣ የተበላሸ ራም ያለው ማሽን በየቀኑ የተለያየ ስህተት ስለሚያሳይ ሰው ሶፍትዌሩን ሲቀያይር ይከርማል።

ትንሽ ገንዘብ ቢኖር ራም ነው ወይስ ኤስኤስዲ ለሚለው፦ እዚህ ማሽን ላይ ራሙ ከ2 ጊጋ አያልፍም፣ ቺፕሴቱ አይቀበልም፣ ዲዲአር2 የላፕቶፕ ዓይነት ነው። 1 ጊጋ ላለው ሰው መጀመሪያ ራሙን 2 አድርጉለት እላለሁ፣ ምክንያቱም ብራውዘሩ ነው የሚገድለው። ሰማያዊ ቀለም ግን አንቺ 2 ጊጋ ስላለሽ ኤስኤስዲውን አስቀድሚ። አሮጌው ሳታ ዘገምተኛ ነው የሚሉሽን አትስሚ፣ የፍጥነቱ ጣሪያ ሳይሆን የሚሰማሽ ትንንሽ ፋይሎችን ከተለያየ ቦታ የማንበብ አቅም ነው፣ የሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ መቶ አካባቢ ነው የሚችለው፣ ርካሽ የሚባለው ኤስኤስዲ እንኳ በሺዎች ይችላል። ከፍተሽ ሳለሽ አቧራውን ጥረጊ፣ የፕሮሰሰሩን ቴርማል ፔስት ቀይሪ፣ ደርቆ አፈር የሆነ ፔስት ያለው ኮር 2 ሙቀት ሲጨምር ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ሰማያዊ ቀለም ጻፈች፦

በጣም አመሰግናለሁ ኤስኤስዲውን አደርጋለሁ። አንድ ሌላ ነገር ላጣራ፣ ግረብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ሚቲጌሽንስ ኦፍ ብትይ በነጻ ፍጥነት ታገኛለሽ የሚል አይቻለሁ፣ ላድርገው?

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

አታድርጊው። ሜልትዳውንና ስፔክተር የሚባሉትን የፕሮሰሰር ቀዳዳዎች መከላከያ ነው የምታጠፊው፣ ኢንተርኔት የሚገባ ማሽን ላይ ነው እንግዲህ። ኮር 2 በእነዚህ ይጠቃል። የሚገርመው የቢጫ ኬብል ኤን270 አይጠቃም፣ ትእዛዞችን በተራቸው ብቻ የሚፈጽም አሮጌ አሰራር ስላለው እነዚያ ቀዳዳዎች የሉበትም፣ ስለዚህ እሱ ጋ ማጥፋቱም ምንም አይጨምርም። ፍጥነት ከፈለግሽ ሲስተምዲ አናላይዝ ብሌም በይና የማትጠቀሚባቸውን አገልግሎቶች አጥፊ፣ ሞደም ማኔጀር፣ ብሉቱዝ፣ አቫሂ፣ ፕሪንተር ከሌለሽ ከፕስ።

ቢጫ ኬብል ጻፈ፦

ተነሳ! አይስደብልዩኤም ከነዚራሙ ከነምኑ ሲነሳ የተያዘው 110 ሜጋ አካባቢ ነው። ስማርቱንም አየሁት 5ም 197ም ዜሮ ናቸው ተመስገን። አሁን የቀረኝ አማርኛው ነው፣ የአማርኛ ገጽ ስከፍት በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ነው፣ መጻፍም አልቻልኩም።

ሰማያዊ ቀለም ጻፈች፦

ይሄን እኔ ልመልስ ስራዬ ጽሑፍ ስለሆነ።

ሳጥኑ ፎንት የለም ማለት ነው፣ ባዶ ደቢያን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ አይመጣም። ፎንትስ ሲል አቢሲኒካ የሚለውን ፓኬጅ ጫን፣ ትንሽ ናት፣ ለረጅም ንባብ ዓይን አታደክምም። ኖቶን ከፈለግክ ፎንትስ ኖቶ ኮር ውስጥ አለ ግን የሌላውን ዓለም ፊደል ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ ይከብዳል። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግተህ ክፈት። ሁለት ዓይነት ፎንት አንድ ገጽ ላይ ተደባልቆ እንዳያስቸግርህ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ ለኢትዮፒክ የሚለውን መርጠህ አቢሲኒካን ስጠው።

ለመጻፍ ቀላሉ መንገድ ሴትኤክስኬቢማፕ ነው፣ ሌይአውቱን ዩኤስ ኮማ ኢቲ ብለህ፣ መቀያየሪያውን ኦልት ሺፍት አድርገህ ያንን መስመር ኤክስኢኒትአርሲ ውስጥ ከኤክሴክ በፊት አስገባው፣ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም አያስኬድም፣ ራም አይወስድም። ችግሩ አቀማመጡን መልመድ ነው። በእንግሊዝኛ ድምጽ እየጻፉ ፊደሉ እንዲወጣ የለመደ ሰው፣ ማለትም ሰ ለማለት ኤስ እና ኢ የሚጫን ከሆነ፣ አይባስ ኤም17ኤን ያስፈልገዋል፣ አማርኛ ሴራ የሚለውን ይመርጣል። እሱ ከጀርባ ሁሌ የሚሰራ ፕሮግራም ስላለው ጥቂት ሜጋ ይወስዳል ግን ለተማሪ ልጅ ይሄኛው ነው የሚፈጥንላት ብዬ አምናለሁ፣ አማርኛ መጻፍ ከባድ ከሆነባት ማሽኑን ትታ ስልኳ ላይ ነው የምትጽፈው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ ጥቁሩ ኮንሶል ላይ ራሱ አማርኛ ማንበብ ይቻላል። ዲፒኬጂ ሪኮንፊገር ኮንሶል ሴትአፕ በልና የፊደሉን ዓይነት ኢትዮፒክ ስትመርጥ ጎሃ እና ጎሃ ክላሲክ የሚባሉ ፎንቶች ይሰጥሃል። ዴስክቶፕ ሳይነሳ የአማርኛ የጽሑፍ ፋይል በሌስ ከፍተህ ማንበብ ትችላለህ። እኔ መጀመሪያ ሳየው በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ፊደላችን እዚያ ድረስ መግባቱን ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው።

ቢጫ ኬብል ጻፈ፦

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ሞክሬ ሴራውን ነው የያዝኩት፣ አቢወርድ ላይ ይጽፋል፣ ፋየርፎክስ ላይም ይጽፋል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ 32 ቢት ከየቦታው እየወጣ ነው ካላችሁ ይሄ ሲስተም እስከመቼ ነው አፕዴት የሚያገኘው? ወደ 13 ልለፍ የሚል ነገር ቢመጣብኝስ?

ባለ ተርሚናሉ ጻፈ፦

ወደ 13 አትለፍ። ደቢያን ራሱ በ13 ማስታወሻው ላይ 32 ቢት ሲስተም ያለው ሰው አፕግሬድ እንዳያደርግ በግልጽ ጽፏል፣ 64 ቢት የሚችል ከሆነ እንደ አዲስ ይጫን ነው የሚለው። ሶርስስ ሊስትህ ላይ ስቴብል የሚል ቃል ካለ ዛሬውኑ ቡክወርም በሚለው ቀይረው፣ ስቴብል ያለ ሰው አንድ ቀን ሳያስበው 13ን መሳብ ይጀምራል። የደቢያን 12 ኤልቲኤስ (ረጅሙ የአፕዴት ድጋፍ) እስከ ሰኔ 2028 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስከዚያ ድረስ በየሳምንቱ አፕት አፕዴት ቀጥሎ አፕት አፕግሬድ በል። ፋየርፎክሱ ነው ቀድሞ የሚያረጀው፣ ሞዚላ ለ32 ቢት የያዘው የመጨረሻው ኢኤስአር 140 ነው፣ ስለዚህ ፓስዎርድ የሚጠይቁ ገጾችን ከአሁኑ በሌላ ማሽን ወይ በስልክ ማድረግን ልመድ፣ እዚህኛው ላይ መጻፉና ማንበቡ ይቀጥላል። ከ2028 በኋላ ደግሞ ያኔ የ32 ቢቱ እትም ካለ ትንሽ ቤት ያለውን አልፓይን አስበው፣ የእህትህ ፋይሎች ሆም ፎልደሯ ውስጥ ስለሆኑ ወደ ፍላሽ ገልብጠህ እንደ አዲስ መጫን ነው።

የቦርድ ሐኪም ጻፈ፦

ፍላሽ ላይ መገልበጡን 2028 አትጠብቅ በየሳምንቱ አድርገው፣ አርሲንክ ጫንና በአንድ ትእዛዝ ሆም ፎልደሯን በሙሉ ይወስድልሃል፣ ሁለተኛ ጊዜ ላይ የተቀየረውን ብቻ ስለሚገለብጥ ደቂቃ አይፈጅም። ፍላሹ ግን ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም የፋይል ፈቃዶችንም አይዝም፣ ኤክስት4 አድርገህ ፎርማት አድርገው።